የጉበት ክዳን

ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ግማሽ» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል። የማስተምረው ሳይንስ ነው፤ ፈተና ሳርም ዜሮ መስጠት አይሆንልኝም። ልጁ ስለ ሳንባ ተጠይቆ ስለ ብስክሌት ጎማ ቢጽፍ እንኳ፣ ጎማው ውስጥ አየር እስካለ ድረስ አንድ ነገር ፈልጌ እሰጠዋለሁ። ርእሰ መምህራችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አስጠርቶኛል። በሁለተኛው ጊዜ «እህቴ፣ ይሄ ፈተና ነው እንጂ የልደት ስጦታ አይደለም» አለኝ። ሳቅኩ።

ልማዱን ያስያዘችኝ እናቴ ናት። ለምን እንዳስያዘችኝ ያወቅኩት ግን ከቀበርናት በኋላ፣ አንሶላዋን ሳጥፍ ነው።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። ማጠቢያው ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ በወጥ ቤቱና በቦይለሩ መካከል የተሰነቀረ ረጅም ክፍል ነው። በአንዱ በር የቆሸሸው ይገባል፣ በሌላው በር የነጣው ይወጣል። ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ቀለም በእንፋሎቱ ብዛት ተልጦ ተንጠልጥሏል። ሽታው በረኪናና የጋለ ጥጥ ነው። እስከ ዛሬ ሆቴል አድሬ አዲስ የተነጠፈ አንሶላ ውስጥ ስገባ፣ የሚመጣብኝ እንቅልፍ ሳይሆን ያልሠራሁት የቤት ሥራ ነው።

አባቴን አላውቀውም፤ ገና ሳልድህ ነው የሞተው። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ ማጠቢያው ነበር። በሩን ስገፋ መጀመሪያ የምትቀበለኝ እንፋሎት ናት። እንፋሎት የሰው ስም ነው፤ ማለቴ ቅጽል ስም። መተኮሻ ማሽኑ ላይ የምትሠራ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቶሎ የምትፈላና ቶሎ የምትበርድ ሴት ነበረች። ስሙን ያወጣላት የቦይለሩ ሠራተኛ ነው። እሷም ወደደችው፤ እኔም «እትዬ እንፋሎት» እያልኩ አደግኩ።

«መጣች ፕሮፌሰሯ!» ትላለች። «ነይ ግቢ፣ እናትሽ አንሶላ ቆልላ እየጠበቀችሽ ነው። ዛሬ ደግሞ ስንት ጥያቄ ይኖርሽ ይሆን?»

ጥያቄ። የምጠላው እሱን ነበር።

የሆስፒታል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ሁለት ጫፍ ይይዛል። ወደ ኋላ ሳብ ብሎ ይወጥራል፣ አንዴ ያራግፋል፣ ጫፍ ከጫፍ ያገናኛል። ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይሄድና የያዘውን ያስረክባል፤ ጎንበስ ብሎ ከታች የተንጠለጠለውን እጥፋት ያነሣና እንደገና ይርቃል። በእኛ ዘንድ የምትመጣው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜ እጠብቃለሁ። መጥታ ጫፎቹን በእጄ ላይ ስታደርግ ፊቷ ፊቴ ጋ ይደርሳል። ጥያቄው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«ስለ ደም።»

ትርቃለች። እንወጥራለን። ትመጣለች።

«ደም ምን ይሠራል?»

«ምግብና አየር ያደርሳል።»

ትርቃለች። ትመጣለች።

«ለማን ነው የሚያደርሰው? መንገዱንስ ማን ያሳየዋል?»

መልሱ ከገባት «ልክ ነው» ትላለች። ካልገባት ቅንድቧን ከፍ አድርጋ «እ?» ትልና አንሶላው ሳይታጠፍ በመካከላችን ይንጠለጠላል። አንዳንዱን አንሶላ ለማጠፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅብን ነበር። ሲያልቅ ጀርባዋን ትሰጠኝና ከጋዋኗ ኪስ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አውጥታ የሆነ ነገር ትጽፋለች። በክር የታሰረች ጉራጅ እርሳስ ነበረቻት።

ደብተሩ የጥፋቴ መዝገብ ይመስለኝ ነበር። የተሳሳትኩት ሁሉ ቀን እየተጻፈበት ተጠራቅሞ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለርእሰ መምህሩ የሚሰጥ።

እናቴ ሁሉን ነገር ታውቃለች ብዬ አምን ነበር። ለምን አላምን? በእጇ ጀርባ ግንባሬን ነክታ ትኩሳቴ ከትናንቱ መጨመር መቀነሱን ትናገራለች። ቀለም የነካው ሸሚዝ በምን እንደሚለቅ ታውቃለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ልብስ ከገመድ ታወርዳለች፤ ከዚያ ይዘንባል። እንዲህ ያለች ሴት ደም ምን እንደሚሠራ ጠፍቷት ትጠይቀኛለች ብሎ ማን ያስባል? እየፈተነችኝ ነው እንጂ።

እናቴ ትምህርት ያቋረጠችው ከሦስተኛ ክፍል ነው። ይህን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አራተኛንና አምስተኛን በዚያው አንሶላ ላይ፣ ከእኔ አፍ ተምራ ጨርሳዋለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ደግሞ ሆስፒታሉ ከማጠቢያው በየዓመቱ ሁለት ሁለት ሴቶች እየመረጠ በረዳት አስታማሚነት ሊያሠለጥን ማስታወቂያ ለጠፈ። የሚፈለገው የስድስተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ማለፍ ነው። ለአዋቂዎች ፈተናው በዓመት አንድ ቀን ይሰጣል። ያ ቀን እየመጣ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ማስታወቂያውም ስለ ፈተናውም አንዲት ነገር አላውቅም።

አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ። አላወቅኩም እንጂ።

የሳይንስ መጽሐፋችን ለሦስት ተማሪ አንድ ነበር። ሁለት ሳምንት በሁለቱ ጓደኞቼ ቤት ይከርምና በሦስተኛው እኔ ጋ ይመጣል። ስለ ጉበት የተማርን ቀን መጽሐፉ የእኔ ተራ አልነበረም። ልቤም ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በማስመሪያዋ ላይ ሸረሪት ታስኬድ ነበር፤ ሸረሪቷ ማስመሪያው መጨረሻ ስትደርስ ማስመሪያውን ታዞረዋለች፤ ሸረሪቷም እንደ አዲስ መንገድ ትጀምራለች። አርባ ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ከአስተማሪያችን አፍ የሰማሁት «ጉበት» የሚለውን ብቻ ነው።

«ዛሬስ?» አለች እናቴ አንሶላውን እየወጠረች።

«ስለ ጉበት።»

አራገፍን። መጣች።

«ጉበት ምን ይሠራል?»

ዓይኔን አሸሸሁ። ከእትዬ እንፋሎት ራስ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የሻይ ፔርሙዛቸው ተቀምጧል። ቀይ ነው፤ ወገቡ ላይ ተሰርጉዷል።

«ሙቀት ያስቀምጣል» አልኩ።

«ሙቀት?»

«አዎ። እንደ ፔርሙዝ። ሲሞቀን ይሞላል፣ ሲበርደን ይለቅልናል።»

ራሴ ደነገጥኩ። በጣም እውነት ይመስል ነበር። እናቴ ጫፎቹን እጄ ላይ አላደረገችም፤ እንደያዘች ቀረች።

«ሙቀቱ በምን ይገባበታል?»

«በደም።»

«በምንስ ይወጣል?»

«ክዳን አለው። ትንሽዬ ክዳን። ሲበርደን ይከፈታል።»

«ሰው ትኩሳት ሲይዘውስ?»

ይቺን አልጠበቅኳትም። «ክዳኑ ተበላሽቶ ነው» አልኩ። «አልገጥም ብሎት።»

የእናቴ ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። «ለካ!» አለች። «ለካ እንደዛ ነው! ልክ ነው፣ ልክ ነው!» አንሶላውን እዚያው ጋሪ ላይ ጥላ ደብተሯን አወጣች። ከወትሮው ረጅም ጻፈች። እርሳሱን እያዞረች የሆነ ነገር የሣለችም መሰለኝ።

ውሸቴን እንደነቃችብኝ አልተጠራጠርኩም። ሁሉን የምታውቅ ሴት የጉበት ክዳን እንደሌለ ሳታውቅ ትቀራለች? «ልክ ነው» ያለችው ይበልጥ እንድሰምጥ ነው። ጻፈችው፤ ቀን አድርጋበት፣ ከነሥዕሉ።

በማግስቱ እትዬ እንፋሎት መተኮሻው ላይ ትራስ ልብስ እያነጠፈች ሳለ እናቴ ጮክ ብላ «ስሚማ፣ ጉበት እኮ ፔርሙዝ ነው» አለቻት።

«ምንድን ነው?»

«ፔርሙዝ። ሙቀት ነው የሚያስቀምጠው። ክዳን ሁሉ አለው።»

«እንዲያ ከሆነማ የእኔ ክዳኑ ወልቆ ጠፍቷል» አለች እትዬ እንፋሎት። «ባሌ ሲመጣ ንገሪልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የክዳኑ ነው በይልኝ።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ ከአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ፊቴ ጋለ። እየተዘባበቱብኝ ነው። እስክናዘዝ ድረስ ሊያበስሉኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ «ዋሽቼ ነው፣ እማ» የምትለዋ ነገር ጫፍ ምላሴ ላይ ነበረች። በአራተኛው ቀን ጥያቄው ወደ ካርታና ወንዞች ሲዞር ዋጥኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ያ ቀሚስ ከሳጥን የሚወጣው ሰው ሲዳር ወይም ሰው ሲሞት ነው።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም። ሥራ አለብኝ።» ከዚያ፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ እንዳዞረች፣ «ሚጣ፣ እርሳስሽን አውሺኝ። ረጅሙን።»

ሰጠኋት። በሩን ዘግታ ስትወጣ ግን ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። ተከተልኳት። የሄደችው ወደ ሆስፒታሉ አይደለም፤ ወደ እኔ ትምህርት ቤት ነው። በቅዳሜ! በሩ ላይ ዘበኛው ወረቀት አይቶ አስገባት። ከእሷ በፊትም በኋላም ትልልቅ ሰዎች ይገባሉ፤ ጢሙን ያሳደገ አናጢ፣ ሆዷ የገፋ ሴት፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ወጣት መካኒክ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ። የወላጆች ስብሰባ መሰለኝ። እኔ ዋሽቼ ወላጅ ሁሉ የተጠራ መሰለኝ። እትዬ እንፋሎት ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እኔ ከቆመ የጭነት መኪና ጎማ ጀርባ ተደበቅኩ።

ፀሐይዋ አናቴ ላይ እስክትወጣ ቆየሁ። ሰዎቹ መውጣት ጀመሩ። ወዲያው አልተበተኑም፤ በሩ ላይ ክብ ሠርተው በአንድ ላይ ያወራሉ። እናቴ ከመካከላቸው ናት። ርቀቱ ቃሉን ቆራርጦ ነበር የሚያመጣልኝ፤ አንዷ ቃል ግን ጥርት ብላ ደረሰችኝ።

«ፔርሙዝ?!» አለ መካኒኩ። ጭኑን መታ። ሌሎቹም ሳቁ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቀጥላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሳቁ ጨመረ። እትዬ እንፋሎት ከድንጋዩ ተነሥታ ጣቷን መካኒኩ አፍንጫ ሥር ስትቀስር አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጫለሁ።

ቤት ገብቼ አልጋ ላይ ተኮራምቼ ጠበቅኩ። እናቴ ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ መጥታም እርሳሴን አጠገቤ አስቀመጠች። አናቱ ተላምጧል። እርሳስ ማላመጥ እኔን በየቀኑ የምትቆጣበት ነገር ነበር። የትኛው ባለጌ ልጅ ተውሷት ይሆን ብዬ ተናደድኩ። የጥርስ ምልክቱን ስፋት፣ የማን ሊሆን እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ማየት አልቻልኩም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሚጣ።»

«አቤት።»

«ያ የጉበቱ ነገር… አስተማሪው ነው እንደዛ ያላችሁ?»

እንዲህ ቀስ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ቅንድቧ አልተነሣም። ያን ቀን የተከፈተልኝ በር ዛሬ ድረስ ይታየኛል፤ «አይደለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«አዎ» አልኩ። «እሱ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ።

«እሺ» አለች። «እንግዲህ አስተማሪም ይሳሳታል።» ፀጉሬን ዳበሰችና ልብስ ልትቀይር ሄደች። አመለጥኩ ብዬ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ወሩ ሳያልቅ አንድ ቀን ትንሽ ወረቀት ይዛ መጣች። አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችውና ራሴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በማግስቱ ማጠቢያው ውስጥ አንሶላ ወጥረን፣ አራግፈን፣ መጥታ ፊቷ ፊቴ ጋ ሲደርስ አዲስ ጥያቄ አመጣች።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«ስለ ማግኔት።»

«ማግኔት ምን ይስባል?»

«ብረት።»

«ከየት አወቅሽው?»

«እ?» አልኩ፤ በተራዬ።

«ከየት አወቅሽው? መጽሐፍ ላይ ነው? አሳዪኝ። አስተማሪው ነው? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ። ራስሽ ነሽ? እሱም ጥሩ ነው፤ ግን ራሴ ነኝ በይኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ከበደ። ክፍል ውስጥ ሸረሪት ማየት ቀረ። የአስተማሪውን ቃል እንዳይፈስብኝ እንደ ሙሉ ብርጭቆ ይዤ ማጠቢያው ድረስ እሄድ ጀመር። መጽሐፉ በተራዬ ሲመጣ ደግሞ እናቴ ቁጭ ብላ ከሽፋኑ ጀምራ በእጇ ገለበጠችው፤ ገጽ በገጽ፣ ከነሥዕሉ፣ ከነማተሚያ ቤቱ አድራሻ። እኔን መቆጣጠሪያ መሰለኝና ሳላናግራት ዋልኩ። ክፍሌ ውስጥ አንደኛ የወጣሁት በዚያ ዓመት ነው። የሰነፍ ልጅ ቅጣት ያስገኘልኝ ውጤት ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ፈተናዋ እንደገና ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ የመተኮሻው የላይኛው ክዳን የእናቴን ክንድ ይዞ ተዘጋ። እኔ እዚያው ነበርኩ። እትዬ እንፋሎት ያን ቀን ታማ ስለቀረች እናቴ ነበረች በእሷ ቦታ። ጩኸቷን ሳይሆን ቀጥሎ የመጣውን ዝምታ ነው የማስታውሰው፣ ማሽኑ ብቻ «ሽ…» ሲል። ከክርኗ በታች የቀረው ጠባሳ አንጸባራቂና ለስላሳ ነበር፤ ልጅ ሆኜ በጣቴ እየተከተልኩ ካርታ ነው እላት ነበር። «የማን አገር ነው?» ትለኛለች። «የማንም» እላታለሁ።

አደጋ ነው፤ ማሽን ነው፤ ማንም አላጠፋም። እንደዚያ ነበር የማስበው።

ፈተናውን በፋሻ እጅ ተፈትና አለፈች። ነጩን ጋዋን ለብሳ በሆስፒታሉ የፊት በር የገባች ቀን እትዬ እንፋሎት ከማጠቢያው ድረስ ሮጣ መጥታ «አንሶላው የእኔ ነው፣ እንዳታቆሽሹብኝ!» ብላ በኮሪደሩ ሙሉ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ እናቴን ማን ያቁማት? በአርባ ስምንት ዓመቷ የታይፕ ትምህርት ተማረች። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ መስማት የተሳናት አንዲት ታካሚ ስትስቅ ለምን እንደምትስቅ ማወቅ ስለፈለገች፣ የምልክት ቋንቋ ተማረች። ጡረታ ስትወጣ አጉሊ መነጽር ገዝታ የቤታችንን ጉንዳኖች መከታተል ጀመረች፤ የሚሄዱበትን በሰዓት ትጽፋለች። በመጨረሻው ሕመሟ አልጋ ላይ ሆና እንኳ መርፌ ልትወጋት የመጣችውን ልጅ እግር ነርስ «ይሄ መድኃኒት ምን ይሠራል?» አለቻት። ልጅቷ ነገረቻት። «ጎሽ። ከየት አወቅሽው?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ጨፍና።

እኔ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ፈተና ሳርም አጠገቤ መቀመጥ ትወድ ነበር።

«ይሄ ምን አለ?»

«ኩላሊት ወንፊት ነው አለ። ሌላ ምንም የለም።»

«ስንት ልትሰጪው ነው?»

«ዜሮ ነዋ፣ እማ። ተግባሩን አብራራ ነው የሚለው።»

«እስኪ ግማሽ ስጪው።»

«በምን ሒሳብ?»

«ወንፊቱ ልክ ነዋ። ደግሞ ማን ያውቃል፣ በዚያች ግማሽ የሚያልፍ ከሆነ?»

እድሜ ልቧን ያራራው መሰለኝ። እሷን ደስ ይበላት ብዬ ሰጠሁ፤ እየቆየ ልማድ ሆነ።

ከቀብሯ በኋላ በሳምንቱ እትዬ እንፋሎት መጣች። አሁን ምርኩዝ ትይዛለች፤ ትከሻዋ ግን ያው ነው። «አልጋዋን እንዲሁ ትተሽው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። አንሶላውን ገፈፍን። አጠብነው፣ ደረቀ። ሁለት ጫፍ ያዘች፣ ሁለት ጫፍ ያዝኩ። ወጠርን። አራገፍን።

ያን ጊዜ ነው የወጣው። ለምን ያን ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከአንሶላው ወዲያ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ፊት ስላጣሁ ይሆናል።

«እትዬ፣ ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ዋሽቻት ነበር።»

«ጉበቱን ነው?» አለች።

አንሶላው እጄ ውስጥ ረገበ።

«ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ በሩ ላይ ነበርኩ! ያ ባለ ቱታ፣ ፈተናውን ሁሉ ደፍኖ እንደወጣ ሰው፣ ‹ጉበት ፔርሙዝ ነው ብለሽ ጻፍሽ?› ብሎ ሲያሽካካባት። ‹ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?› ሲላት ምን እንዳለችው ታውቂያለሽ? ‹ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ አያምርም?› አለችው። እዚያው ላንቀው ነበር።»

«ፈተና ላይ ጻፈችው?»

«ጻፈቻ። የጉበት ተግባር ተብሎ ተጠየቀ፣ ጻፈች። ከነክዳኑ። ጥያቄው ሁለት ነጥብ ነበረው። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ እሷ አርባ ዘጠኝ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ብያታለሁ። ‹ለልጅቷ ንገሪያት፣ እየተማርሽ መሆኑን ትወቀው› ብያታለሁ። ‹እናቷ ሁሉን የምታውቅ ይመስላታል፤ ትንሽ ትቆይበት› አለችኝ። ከጉበቱ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አፍሽን ያዢ አለችኝ። በእኔ የተነሣ ወደቀች ብላ እንዳታስብ ብላ።» አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ እጇ አንሶላ ይዟል። «ሰማያዊ ደብተሯን አላየሽውም?»

መሳቢያዋ ውስጥ አግኝቼው ነበር፤ መግለጥ ነው ያልቻልኩት። ሄጄ አመጣሁት። ገጾቹ ላይ አንድም ጥፋት አልተመዘገበም። ደም። ሳንባ። ወንዞች። ሁሉም በእኔ ቃል ነው የተጻፈ፤ «ሚጣ እንዳለችው» እያለ ይጀምራል። የጉበቱን ገጽ ያገኘሁት በውስጡ በታጠፈችው ወረቀት ነው፤ አርባ ዘጠኝ። ከወረቀቷ ሥር ክዳኑን የከፈተ ትንሽ ፔርሙዝ ተሥሏል፤ ወገቡ ላይ ስርጉዱ ሳይቀር።

ሁለት ነጥብ። ግማሹ አንድ። አርባ ዘጠኝና አንድ።

ሃምሳ ብታመጣ በሚቀጥለው ዓመት መተኮሻው አጠገብ አትቆምም ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ የደመርኩት።

ከሥዕሉ በታች፣ በሌላ እርሳስ፣ ምናልባት መጽሐፉን በገለበጠችበት ሳምንት፦ «ሐሞት ያመነጫል። ስኳር ያጠራቅማል። መርዝ ያጣራል።» ከዚያ በታች ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሥልጠናው ዘመን በተስተካከለው ጽሕፈቷ፦

«የሰውነት ሙቀት በብዛት ከሚመነጭባቸው ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው። መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ፣ ገጽ 112። ክዳን ግን የለውም። ስለዚህ ሚጣ ግማሽ ይገባታል። ስትነግረኝ እነግራታለሁ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት።

«ምን አለች?» አለች እትዬ እንፋሎት። ማንበብ አትችልም። ሁለቱን ጫፎቿን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆማለች፤ በእኔ በኩል ያለው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። «ምን አለች እባክሽ? ኧረ ደግሞ ያዢው እንጂ፣ መሬት ነካ! እንደገና ልናጥበው ነው?»

ደብተሩን አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ ጫፎቹን አነሣሁ። ወጠርን። አራገፍን። እትዬ እንፋሎት ምርኩዟን ፍለጋ ዞር ዞር ስትል፣ «ቆይ፣ አንቺ ቁሚ» አልኳትና ወደ እሷ ሄድኩ።